ሦስት ጊዜ እምቢ ያለችኝ ሴት

አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። አንዷ አንዱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሌላውን፤ ተራርቀው ይወጥሩታል፣ ተቀራርበው ያገናኙታል። እኔ አሁን ለብቻዬ ነው የማጥፈው። አገጬን እንደ ሦስተኛ እጅ እጠቀምበታለሁ። አንዳንዴ ታዲያ እረሳና ጫፉን ወደ ፊት ለፊቴ እዘረጋለሁ፤ ማንም አይቀበለኝም። ስንት ጊዜ ሆነ፣ እጄ ግን እስካሁን አልገባውም።

የምሠራው በዚህች የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር ነው፤ ልብስ አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጥፈን የምንመልስ ቤት። እዚህ በፈረንሳይኛው ፕሬሲንግ ይሉታል። ከፊት መንገዱን የሚያይ፣ አንዲት ልጅ ደንበኛ የምትቀበልበት ባንኮኒ አለ፣ መሃል ላይ ማሽኖቹና የካውያው ጠረጴዛ፣ ከኋላ ደግሞ መስኮቷ ወደ ጠባብ ግቢ የምትከፈት አንዲት ክፍል። የሠራተኞቹ ኃላፊ እኔ ነኝ። ኃላፊ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፉ እኔ ጋ ያድራል፣ ሰው ሲጣላ እገላግላለሁ፣ ያው ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከድሬዳዋ ዕቃ ተጠቅልሎበት በሚመጣ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የዓለምን ወሬ ሁልጊዜ ግማሹን ነው የማውቀው፤ ሌላውን ግማሽ ዘይት በልቶታል።

የቤቱ ባለቤት የዚሁ አገር ሶማሌ ናቸው፤ ማዳም እንላቸዋለን። ወጣትነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኛ ይጥማል። ሲቆጡ ግን በሶማሊኛ ይጀምሩና በፈረንሳይኛ ይጨርሳሉ።

ያቺን እምቢ ያለችኝን ሴት ያመጣችልኝ ዋራበሌ ሰፈር የምትኖር አንዲት የማውቃት ሴት ናት። የመጣችው ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አያንስም፣ አርባን የተጠጋች፣ ቀጭን፣ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጥብቅ አድርጋ የምታስር። በሦስት ቤት ተቀጥራ ከሦስቱም ተባራለች። ያመጣቻት ሴት እሷን አጠገቧ አቁማ፣ እንደሌለች ሁሉ፣ ታሪኳን ዘረዘረችልኝ። አንደኛው ቤት፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጆሮዋን ይዛ ትቆማለች አሉ። ሁለተኛው፣ እንግዳ ሲመጣ ሰላም አትልም አሉ። ሦስተኛው፣ አንድ ሥራ ከያዘች ቤቱ ቢቃጠል አትተውም አሉ።

«ከዚህ በኋላ የሚቀጥራት የለም» አለችኝ። «የቀራት በር ይሄ ያንቺ ነው።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት ባለጉዳይዋን።

ወለሉን እያየች፣ «ማጠፍ እችላለሁ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ማዳም አንድ ወር ሰጧት። በአንድ ወር ካልሆነች ትሄዳለች።

በመጀመሪያው ጠዋት «እንደምን አደርሽ?» አልኳት። «ደህና» አለች። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ጠዋት ስጠይቃት የያዘችውን ፎጣ አስቀመጠችና፣ «ስታመም እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ካውያ የምትይዘው ጓደኛችን ሳቋ ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። «ሰላምታም በሪፖርት ሆነላችሁ! በሉ እንግዲህ፣ ሳታመሙ እንዳትናገሩ!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟን ጭምቷ አለቻት። እኔም እዚህ ጭምቷ ልበላት። ለማሾፍ የወጣ ስም ነበር፤ በኋላ የፍቅር ሆነ።

ምሳ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ጭምቷ ግን ዳቦዋን ይዛ ከኋላ ክፍል ግድግዳውን እያየች ለብቻዋ ትበላለች። ይሄ ከሰላምታው የባሰ አስቀየመ።

«ምነው፣ እጃችን ሸተታት?» አለች ተኳሿ።

«ተዪያት እባክሽ» አለች በማሽን የምታጥበዋ፤ እሷ ለሁሉም ነገር መንፈስ ትፈልግለታለች። «ለክፏት ይሆናል።»

«የለከፋትስ ኩራት ነው!»

ሄጄ ጠየቅኳት። እሷን መጠየቅ ቀላል ነበር፣ ሰው የማይጠይቃት ስለሚፈራ ነው እንጂ። «እጅ ይበዛል» አለችኝ። ትንሽ አሰበችና፣ «ስታኝኩ ይሰማኛል፤ የሁላችሁም» አለች። አስባችሁታል? እኛ ፍቅር ብለን የተሰበሰብንበት ትሪ ለእሷ የአራት ሰው መንጋጋ ነበር። አንዲት ትንሽ ሳህን አመጣሁላት፣ ከትሪው ቆርሼ ወደ ኋላ ክፍል ማድረስ ጀመርኩ። ሲያጉረመርሙ፣ «ለማዳምስ ለብቻቸው እንልክ የለ? ማን ተቀየመ?» አልኳቸው። ተኳሿ ብቻ፣ «እሳቸውማ ባለቤት ናቸው» አለች፤ በማግስቱ ግን ከትሪው ላይ ጥሩ ጥሩውን መርጣ ለጭምቷ ሳህን ስትቆርስ አየኋት። አላየሁም ብዬ አለፍኩ።

ችሎታዋን ያወቅነው በቱታዎቹ ነው። ከዶራሌ ወደብ የሠራተኞች ቱታ በጥቅል ይመጣልናል፤ ሁሉም ሰማያዊ፣ ሁሉም ቅባት የጠጣ። የተጻፈባቸው ቁጥር በሦስት እጥበት ይጠፋል። ከዚያ የእገሌ ለእገሌ ሄደ ተብሎ በየሳምንቱ ጠብ ነው። አንድ ቀን ቁጥራቸው የጠፋ ቱታዎች ፊት ቆሜ ስማረር ጭምቷ መጣችና ትለያቸው ጀመር። «ይሄ ግራ ጉልበቱን የሚንበረከከው ነው። ይሄ ደረቱ ላይ እስክርቢቶ የሚሰካው። ይሄኛው ቀኝ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ እጁን ይከታል፣ ባለፈውም አፉ ተተርትሮ ነበር።» ሰዎቹን አንድም ቀን አይታቸው አታውቅም። ልብሳቸውን ግን እናት ልጇን እንደምታውቅ ታውቀው ነበር። በዚያ ሳምንት ጠብ አልመጣም፣ በሚቀጥለውም አልመጣም።

ቢሆንም ወሩ ሊያልቅ ሲል ነገር ተበላሸ። ማዳም ሲገቡ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ አምስት ትእዛዝ ያወርዳሉ። አንሶላውን አጥፊ፣ ከዚያ በፊት መጋረጃውን፣ ቆይ መጀመሪያ ሸሚዞቹን፣ ያ ነገር ደረሰ እንዴ? እኛ ከአምስቱ ሁለቱን ሰምተን ሦስቱን እንገምታለን፣ ኑሮ ነው። ጭምቷ ግን መሃል ወለል ላይ ድርቅ ብላ ትቀራለች። ማዳም ያን እንደ እምቢተኝነት ቆጠሩት። «ይህች ሴት ስናገራት እንደ ግድግዳ ታየኛለች» አሉኝ።

ያን ለት ከአዲስ ሸሚዝ ውስጥ የሚወጣውን ካርቶን ሰበሰብኩ። በአንዱ ካርቶን አንድ ሥራ ብቻ ጻፍኩበት፤ «የሆቴሉ አንሶላ»፣ «ነጭ ሸሚዝ»፣ «ቱታ መለየት»። በኋላ ክፍል ሽቦ ወጥሬ በልብስ መቆንጠጫ በተራ ሰቀልኳቸው። ማዳም አዲስ ትእዛዝ ሲኖራቸው ለእኔ ይነግሩኛል፣ እኔ ጽፌ በተራው እሰቅላለሁ። ጭምቷ አንዱን ስትጨርስ ትገለብጠዋለች። ከዚያ ወዲያ ድርቅ ማለት የሚባል አልመጣም። በሳምንቱ ተኳሿ ወገቧን ይዛ መጣች፤ «ለእኔስ አትጽፊልኝም? እኔ ሰው አይደለሁም? ትናንት የሙሽራውን ሱሪ ረስቼ ልገደል ነበር!» አለችኝ። ለእሷም ጻፍኩ። ለአጣቢዋም። ለአንድ ሰው ብለን የጀመርነው ሁላችንን አሳረፈን።

እንደዚህ እያልን ቤቱን ትንሽ በትንሽ ወደ እሷ አዘነበልነው። ቀትር ላይ ጫት ሲደርስ የሚያከፋፍሉት መኪኖች ክላክስ እያስጮሁ በመንደሩ ሲበሩ፣ ማሽኖቹን አጥፍተን መስኮቷን ዘግተን በዚያ ሰዓት እንድታርፍ አደረግን። በር ሳናንኳኳ አንገባባትም። ከኋላ መጥተን አንነካትም። ወሩ አለቀ፣ ማዳም ስለ ወሩ ሳያነሱ ቀሩ። ሁለት ዓመት ሆነን።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት ኋላ ነው፣ በሬዲዮ። የሚያወሩት ስለ ሕፃናት ነበር። እነዚያ ሕፃናት አድገው ሥራ እንደሚፈልጉ፣ አርባ ዓመት እንደሚሞላቸው፣ ማንም አላነሳም። የእሷ እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም፣ እሷም አንድም ቀን ስም አላወጣችለትም። እኔ የማውቀው ከሰዓት በኋላ አብረን አንሶላ ስናጥፍ የነበረውን ነው። አንድ ቃል አንነጋገርም። ወጠር፣ ቀረብ፣ እጅ ለእጅ፣ ራቅ። በሕይወቴ እንደዚያ ያረፍኩበት ዝምታ የለም። እኔ ወሬ ነፍሴ የሆነች ሴት!

ከዚያ በገዛ እጄ አበላሸሁት።

ባንኮኒ ላይ የነበረችው ልጅ አግብታ ወደ አሊ ሳቢየህ ሄደች። ማዳም ሰው ፈልጊ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሌት ተቀን የማስበው ጭምቷን ነበር። ይህን ያህል የምታውቅ ሴት ከኋላ ተደብቃ እስከ መቼ? ልብሱን ሁሉ በባለቤቱ የምታውቅ፣ ከእሷ የተሻለ ማን ሊያስረክብ ነው? እውነቱን ልናገር፣ ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር። ይቺ የእኛ ናት ማለት አማረኝ። ማዳምን ለምኜ አሳመንኩ።

«ከእሁድ ጀምሮ ፊት ትሆኛለሽ» አልኳት። እዚህ ሳምንቱ እሁድ ነው የሚጀምረው።

«አልሆንም» አለች።

ሳቅሁ። እኛ እኮ የመጀመሪያውን እምቢታ እንደ እምቢታ አንቆጥረውም። ምግብ ሲቀርብልን በልቻለሁ እንላለን፣ ሹመት ሲሰጡን አይገባኝም እንላለን፣ ያቀረበውም ሰው ያውቃል፣ ይለምናል፣ ይምላል። ሳይለምን ቢቀር ነው ነውሩ። አንዴ እምቢ ሲባል ያነሳ አቅራቢ፣ መጀመሪያም ከልቡ አልነበረም ይባላል። እኔ በዚህ ያደግሁ ነኝ፤ ስለዚህ ጨዋነቷን ወደድኩላት።

በማግስቱ አዲስ ሸሚዝ ይዤላት ሄድኩ። «ይገባሻል እኮ! ማን አለና ካንቺ በላይ?»

«አልሆንም።»

ሐሙስ ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኳት። ያን ቀን ረዘም አድርጋ መለሰችልኝ። «እዚያ ድምፅ አለ። ሰው አብሮ ይናገራል። አልሆንም።»

«እኔ አለሁልሽ አይደል? በሞቴ! እኔን ብትወጂኝ!»

ዝም አለች። በእኛ ወግ ዝምታ ደግሞ እሺ ነው።

እሁድ ጠዋት ሸሚዟን ለብሳ ባንኮኒው ላይ ቆመች። ቀይራ ስትመጣ ቁልፉ እስከ አንገቷ ተቆልፎ ነበር። እስከ ረፋድ ደህና ነበረች፤ ወይ እኔ እንደዚያ ለማየት ስለፈለግሁ ነው። አንዱ በሶማሊኛ፣ አንዱ በዓረብኛ፣ አንዱ ከባቢሌ የመጣ ሾፌር በአማርኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ልብሱን ያለ ወረቀት እያነሳች ትሰጣለች። ሰዉ ሲደነቅ እኔ ከውስጥ እኮራለሁ። ሾፌሩ «አንቺ፣ ዓይንሽ መሬት ላይ ወደቀብሽ እንዴ? ልፈልግልሽ?» ሲላት ሰው ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሰዉ ጋር ፈገግ አልኩ።

ቀትር ላይ መብራት ሄደ። የጎረቤቱ ጄኔሬተር ከደጃችን ተነሳ። በዚያው ቅጽበት የጫት መኪኖቹ ክላክሳቸውን ሲለቁት፣ ሁሉም ልብሱን ይዞ ቶሎ ለመሄድ ተሻማ። አንድ ሰው በመኪና ቁልፍ ባንኮኒውን ይቀጠቅጣል። ስደርስ ጭምቷ መጀመሪያ አልታየችኝም። ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ፣ ጆሮዋን ይዛ ትወዛወዛለች። ከላይ ሁለት ስልክ ጎንበስ ብሎ ይቀርጻታል። ደነገጥኩ። ሁለት ዓመት የጠበቅሁትን ረስቼ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። የጮኸችውን ጩኸት ዛሬም እሰማዋለሁ። ከዚያ ተነሳች፣ በሰዉ መሃል አልፋ ወጣች፤ ወደ ኋላ አላየችም።

ማዳም ሲመጡ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። «ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት አትገባም። ደንበኛ ፊት! ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሺብኝ» አሉ፤ በሶማሊኛ ጀመሩ፣ በፈረንሳይኛ ጨረሱ።

ሁለት ቀን ኋላ ክፍል ብቻዬን ቱታ ለየሁ። የግራ ጉልበቱንና የእስክርቢቶውን አቀላቅዬ ላክሁ። ካርቶኖቹ ሳይገለበጡ በሽቦው ላይ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ማዳም ቢሮ ገባሁና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። «ሦስት ጊዜ እምቢ ብላኝ ነበር፣ ይሉኝታ መስሎኝ ነው። የምትሠራበትን ቦታ እያወቅሁ የማትችልበት ላይ አቆምኳት። የሚባረር ካለ እኔ ነኝ።»

ስልካቸው ጮኸ፣ አላነሱትም።

«ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አሉ በመጨረሻ። «ቀኑን ሙሉ መርከብ ይቆጥር ነበር። የትኛው መቼ እንደገባ ይነግርሻል፣ አንድ አይስትም። ወደብ ላይ ሥራ ይስጡት ብሎ የጠየቀለት አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ እኔ ነበርኩ ክፍሉን የምቆልፍበት። ሕፃን ነበርኩ፣ ቆልፊ ይሉኛል እቆልፋለሁ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «ሂጂ፣ አባዮ» አሉኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። «መልሺያት። ኋላ ክፍል የእሷ ነው፣ ሌላ አትጠየቅም በያት።»

የምትኖርበት ዋራበሌ ስደርስ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታጋግለው ነበር። ጭምቷ ከቤቷ ጀርባ፣ በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጣ የወንድ ሱሪ ጫፍ ትሰፋለች። አጠገቧ የታጠፈ ክምር አለ። ከግንቡ ማዶ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የመናዊ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሚስታቸው ጠዋት በግንቡ ላይ ልብሱን ታሳልፍላታለች፣ ማታ ተሰፍቶ ትቀበላታለች። ይህን የነገረችኝ የቤት ተጋሪዋ ናት። በሦስት ቀን ውስጥ! እኛ ያለ እኛ ትጠፋለች ስንል፣ እሷ ግንቡ ላይ በር አግኝታለች።

ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፣ እንደምን ዋልሽ አላልኳትም።

«ጎተትኩሽ» አልኳት። «ይቅር በይኝ።»

«አመመኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ።»

«አዎ። ሦስት ጊዜ ነገርሽኝ።»

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ማዳም ያሉትን ነገርኳት፤ ኋላ ክፍል የእሷ መሆኑን፣ ፊት እንደማትጠየቅ፣ ካርቶኖቹ እንዳሉ፣ ተኳሿ ሳህኗን አጥባ እንዳስቀመጠችላት። ሁሉንም አንድ በአንድ፣ እያረፍኩ። እስክጨርስ መርፌዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

«አልመለስም» አለች።

ልመናው አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። በሞቴ፣ በእናትሽ፣ ስለ እመቤታችን፣ እኔን ብትወጂኝ፤ በሕይወቴ የተማርኩት የልመና ዓይነት ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ብለምናት ምናልባት ዝም ትል ነበር። ዝም ካለች ደግሞ ትመጣ ነበር። ይህን ማወቄ ነው የከበደኝ።

«እሺ» አልኳት።

ሌላ ሱሪ አነሳች። ትንሽ አብሬያት ተቀመጥኩ። ጥላው ሲሸሽ ተነሳሁ።

ሥራ ቤት ስመለስ ተኳሿና አጣቢዋ ጠበቁኝ። «የታለች?» አሉ።

«አልመጣም አለች።»

«ስንቴ ለመንሻት?»

«አንዴ ጠየቅኳት። እምቢ አለች፣ መጣሁ።»

ተኳሿ ካውያዋን አስቀመጠች። «አንዴ? አንዴ ብለሽ ተመለስሽ? አንቺማ መጀመሪያም አትወጃትም ነበር!» አጣቢዋም ፊቷን አዞረችብኝ። ያን ሳምንት ከትሪው ላይ ማንም አላጎረሰኝም። አልተከራከርኩም። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ልብስ ሰፊው ዓመት ቆይተው ከነቤተሰባቸው ወደ ታጁራ ሲሻገሩ ጭምቷም አብራ ሄደች። ጀልባው ሲነሳ ወደቡ ላይ ልሸኝሽ ወይ ብዬ አስጠየቅኋት። ሰው ይበዛል አለች። ሳልሄድ ቀረሁ። በዚያ ሰዓት ቱታ እየለየሁ ነበር፤ እየሳትኩ። ሰፌድ የሚያህል ናፍቆት ደረቴ ላይ ተቀምጦ፣ እጄ ላይ ያለው ልብስ የማን እንደሆነ የምትነግረኝ ሴት ባሕሩን እያቋረጠች ነበር፤ እኔም እንዳላስቸግራት ባለሁበት ቆየሁ።